እሁድ ሸማ የሚሠራው ሰው

ስልኩ ሲደወልልኝ ጨጓራዬን ይዤ ተጋድሜ ነበር። ደዋዩ ራሱን «የበዓሉ ኮሚቴ ጸሐፊ» ብሎ አስተዋወቀና፣ አርባ ምንጭ ሲቀላ ያደግሁበት ቤተ ክርስቲያን የምሥረታ በዓሉን ሊያከብር መሆኑን፣ ለበዓሉ መጽሔት እንደሚታተም፣ እኔም «እንደ አንጋፋ ጸሐፊና የቀድሞ አባል» ግማሽ ገጽ ትዝታ እንድልክ መመረጤን ነገረኝ። አንጋፋ የተባለ ሰው ዞር ብሎ የሬሳ ሳጥኑን መፈለግ አለበት፤ እኔ ገና ሃምሳ አራት ዓመቴ ነው። «ርእሱስ?» አልኩት። «በክርስቶስ ያገኘነው ዘላቂ ደስታ» አለኝ። ሳቅሁ፤ ጨጓራዬን ይበልጥ አመመኝ።

ደስታን በተመለከተ ያለኝ አቋም የታወቀ ነው። ሁለት መጽሐፍና ቁጥራቸውን የረሳኋቸው የጋዜጣ ጽሑፎች አውጥቼበታለሁ። ከመድረክ «ደስ ይበላችሁ!» ሲባል እንደ ሰልፈኛ በአንድ ጊዜ የሚበራ ፊት አይዋጥልኝም። አስፋልት ዳር ሸራ ላይ ተዘርግተው የሚሸጡትን የደስታ ምስጢር መጻሕፍት ዋጋቸውን እንኳ አልጠይቅም። በደህናው ጊዜ ስለ ደስታ የተፈላሰፉትን ሰዎች አንብቤያለሁ፤ ብዙዎቹን እንደ እኔ ጨጓራ ሳያማቸው አልቀረም። ስለዚህ «አልጽፍም፣ ይቅርብኝ» ማለት ይቀለኝ ነበር። አላልኩም። አቋሜ ሁሉ የቆመው በአንድ ሸማኔ ላይ ነው፤ ሸማኔውን የበደልኩት ደግሞ እኔ ነኝ። የሰውየውን ደስታ ነጥቄው እንደሆነ ሳላውቅ ሠላሳ አምስት ዓመት አለፈ። ግማሽ ገጹን ከመጻፌ በፊት ማወቅ ነበረብኝ። ወደ አርባ ምንጭ አውቶቡስ ተሳፈርኩ።

ምዕራብ ዓባያ ላይ አውቶቡሱ ቆመና ሙዝና ማንጎ በየመስኮቱ ተግተለተለ። የተጠየቅሁትን ዋጋ ስሰማ በልጅነቴ በዚያ ብር ሙዙን ከነተክሉ ይሸጡልን ነበር ብዬ አጉረመረምኩ፤ አጠገቤ የተቀመጠችው ወጣት በአዘኔታ አየችኝ። ያኔ ሲቀላ መንገዱ አቧራና ጠጠር ነው። ባጃጅ የሚባል ፍጥረት አልተወለደም፤ ወደ ላይኛው ከተማ ወደ ሴቻ ለመውጣት ዳገቱን በእግር መግፋት፣ አለዚያም የመንግሥት መኪና ሹፌር መለማመጥ ነበር። አሥራ አምስት ሳንቲም ይዞ ማንጎ ተራ የሄደ ልጅ የሸሚዙ ፊት በሙሉ ቢጫ ሆኖ ይመለሳል። ከጫሞ የመጣ አሳ በሙዝ ቅጠል ተጠቅልሎ በስሙኒ ይገዛል። ቤል ቦተም ሱሪ አዲስ አበባ ከተጣለ ከአሥር ዓመት በኋላ እኛ ዘንድ ደርሶ፣ የሲቀላ ጎረምሳ መንገዱን በሱሪው እየጠረገ ይሄድ ነበር። እግር ላይ ኮንጎ ጫማ፤ በዚያ ሙቀት ኮንጎ ጫማ ያደረገ እግር ቤት ሲገባ ቤተሰቡ ይወጣል። ከአውቶቡስ መናኸሪያው ማዶ ካለው ሻይ ቤት ደግሞ ድምፅ ማጉያው ቀኑን ሙሉ የኪነት ዘፈን ይለቃል፤ ስለ ምርት፣ ስለ ትግል፣ አልፎ አልፎም ከሳንሱር ስላመለጠ ፍቅር።

ከሻይ ቤቱ ጀርባ ባለችው ጠባብ መንገድ ሦስተኛው ቤት የጋሽ አንጁሎ ነበር። ጋሽ አንጁሎ ከዶርዜ ወርዶ ሲቀላ የተቀመጠ ሸማኔ ነው፤ ረጅም፣ ቀጭን፣ ነገር የማይወድ። የሸማ ዕቃውን በረንዳው ላይ ተክሎ፣ እግሩን ጉድጓዱ ውስጥ አውርዶ፣ መርገጫውን እየረገጠ፣ መወርወሪያውን ከቀኝ ወደ ግራ እየላከ ይውላል። ቤተ ክርስቲያናችን ታሽጎ ሰው በየቤቱ ተደብቆ የሚጸልይበት ዘመን መጣ፤ እኔ አሥራ ሁለት ዓመቴ ነበር። እናቴ እሁድ እሁድ ጠዋት ባዶ ዘንቢል አስይዛ፣ ገበያ የምንሄድ አስመስላ፣ ጋሽ አንጁሎ ጓዳ ትወስደኝ ጀመር። አሥራ አንድ ነበርን። አሥራ አንዳችን ጓዳ ተጠጋግተን እንቀመጣለን፣ የጋሽ አንጁሎ ሚስት እትዬ አመረች ደጃፉ ላይ ጥጥ ትፈትላለች፣ እሱ በረንዳው ላይ ሸማውን ይሠራል።

እሁድ ጠዋት! አማኝ ሰው እሁድ እንደማይሠራ አገር ያውቃል፤ ጠላቶቻችን ሳይቀሩ ከእኛ በላይ ያውቃሉ። ስለዚህ እሁድ ሸማ ከሚሠራ ሰው ቤት ጴንጤ ይኖራል ብሎ የሚጠረጥር አልነበረም። ዘዴው ይኸው ነው። ማጉን ሲመታ የሚወጣውን ድምፅ ተከትለን በሹክሹክታ እንዘምራለን፤ ምቱ ካቆመ ሰው መጥቷልና ትንፋሻችንን እንውጣለን። የቀበሌው ሊቀመንበር በዚያ ሲያልፍ ሁልጊዜ ይቆም ነበር።

«አንጁሎ! እሁድም?»

«ሥራ ነው፣ ጓድ።»

«ጎበዝ! እነዚያ ጴንጤዎች ቢያዩህ ደማቸው በፈላ!»

ጓዳ ውስጥ ያለነው ጴንጤዎች ነጠላችንን አፋችን ውስጥ ጎስጉሰን ሳቃችንን እናፍን ነበር። አንድ ጊዜማ ሊቀመንበሩ ስብሰባ ላይ አስነሥቶ «ከኋላ ቀር አስተሳሰብ የተላቀቀ ሠራተኛ» ብሎ አስጨበጨበለት። ጋሽ አንጁሎ ከጭብጨባው ላብ በላብ ሆኖ መጣ፤ እትዬ አመረች ሳምንቱን ሙሉ «የተላቀቀው» እያለች ጠራችው።

ታዲያ በዚያ ሰባት ዓመት ውስጥ ሰውየው አንድ ቀን ዓይኑን ጨፍኖ ሲጸልይ አላየሁም። አልዘመረም፣ አላለቀሰም፣ እጁን አላነሣም። ጀርባውን ሰጥቶን ይሠራ ነበር። ከመካከላችን መንፈሳዊነት የሚበዛባት አንዲት ሴት «እኚህ ሰው ግን ለራሳቸው መቼ ነው ጌታን የሚያመልኩት?» ስትል ሰምቻለሁ።

ከዚያ ዘመን ተለወጠ፤ እንዴት እንደተለወጠ የሚያወጉ ሌሎች ስላሉ ለእነሱ ትቻለሁ። ማኅተሙ ተነሣ፣ አዳራሹ ተጠረገ፣ የሌሊት ወፎቹ ተባረሩ። ሽማግሌዎቹ ከመጀመሪያው የጌታ ራት በፊት ምእመኑ ይንጻ አሉ። በዝግ ዘመን የወደቁ ሰዎች በስማቸው ተጠርተው፣ ፊት ወጥተው፣ ተጸልዮላቸው ኅብረት ይቀጥሉ ተባለ። ዝርዝር ተዘጋጀ። የጠጣ፣ ሁለተኛ ሚስት ያገባ፣ ወንድሞችን አሳልፎ የሰጠ። «ሰንበትን በሥራ የሻረ» የሚልም ነበረበት። በዝግ ዘመን አንዱ ቢያዝ ሌላውን እንዳያወጣ እያንዳንዱ የጸሎት ቡድን ሌላውን አያውቅም ነበር፤ ስለዚህ ሽማግሌዎቹ ስለ ጋሽ አንጁሎ የሚያውቁት ሲቀላ በሙሉ የሚያውቀውን ነው። እሁድ ሸማ ይሠራል። ዝርዝሩን በጥሩ የእጅ ጽሕፈት እንድገለብጥና እንዳነብ የተመረጥኩት እኔ ነኝ። አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነው፤ አማርኛዬ የትምህርት ቤት ነው፤ ከአጎቴ የተዋስኩት ቡናማ ኮት አለኝ።

ስሙን ስገለብጥ አየሁት። ላስተካክል አሰብኩ፤ ለማን ልናገር እያልኩ እሁድ ደረሰ። ማይክራፎን በሕይወቴ መጀመሪያ የያዝኩት ያን ቀን ነው። ድምፄ ከግድግዳ ግድግዳ ሲነጥር ሰማሁትና ወደድኩት። ስሙ ጋ ስደርስ ትንሽ ቆምኩ፤ ከጓዳው ሰዎች ስምንታችን እዚያው አዳራሽ ውስጥ ነን፣ አንዱ ይነሣና «ተሳስታችኋል» ይላል ብዬ ጠበቅሁ። ስምንታችንም ስምንታችንን ጠበቅን። አነበብኩት። ዓይኔን ከወረቀቱ አላነሣሁም። ሲወጣ የእግሩን ኮቴ ሰማሁ፣ ሲጸለይ ሰማሁ፣ ከዚያ መዝሙር ሲጀመር ወረቀቴን አጥፌ በጓሮ በር ወጣሁ።

እናቴ ያን ሰሞን ምዕራብ ዓባያ እህቷን ልታርስ ሄዳ ነበር። ስትመለስ ሰማች። «አፍ አልነበረህም?» አለችኝና አንድ ሳምንት ሙሉ አላናገረችኝም። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። ሽማግሌዎቹ እውነቱን ቆይተው ሰሙ አሉ፤ «እሱ ራሱ ምነው ዝም አለ?» ብለው ነገሩን ዘጉት። በወሩ ጋሽ አንጁሎ ቤቱን ለቆ ከነሚስቱ ዶርዜ ተመለሰ። አፍሮ ነው አልኩ። እኔም ለዩኒቨርሲቲ ከአርባ ምንጭ ወጣሁ፣ ከዚያ በኋላ ለሰርግ ካልሆነ ቤተ ክርስቲያን አልገባሁም። ክርስቲያን ስለ ደስታ ሲያወራኝ በልቤ ያን የኮቴ ድምፅ እጠራለሁ። ጥሩ መከራከሪያ ሆነኝ። በበደልከው ሰው ሌሎችን መክሰስ እንዴት እንደሚመች የሞከረው ያውቀዋል።

አሁን ወደ ሲቀላ ልመለስ። አውቶቡሱ ያራገፈኝ ሐሙስ ነው። ገበያው ዳር ቆሜ የትኛው መንገድ የት እንደገባ ስፈልግ አንዲት አሮጊት ዘንቢሏን መሬት አስቀምጣ አፍጥጣ ታየኛለች።

«የአስቴር ልጅ አይደለህም? ጸሐፊው?»

እትዬ አመረች ነበረች። አጥራለች፣ ዓይኗ ግን ያው ነው። ተሳሳምን፤ ሰላምታው አላልቅ አለ። ለበዓሉ ወርዳ እህቷ ዘንድ አርፋለች። የምፈራውን ጥያቄ በዙሪያ ዙሪያ ስል አይታ ሳቀች።

«ስለ አንጁሎ ልትጠይቅ ነው? ጠይቅ እንጂ።»

«ሞቱ?»

«ማን? እሱ? እኔን ሳይቀብር የት አባቱ ይሄዳል! ጉልበቱን አሞት ነው የቀረው። ነገ ዶርዜ ዕቃ አድርሼ ለበዓሉ እመለሳለሁ፣ ከመጣህ ና።»

አርብ በሚኒባስ ወጣን። ሙቀቱን ሲቀላ ጥለን ዳገቱን በዞርን ቁጥር ደመናው እየቀረበ መጣ። የምናገረውን በልቤ አዘጋጅቼ ነበር፤ እንደ ልማዴ መግቢያ፣ ሐተታ፣ መደምደሚያ ያለው። ጋሽ አንጁሎ ከቤቱ ፊት ለፊት፣ እንሰቱ ሥር ዱካ ላይ ተቀምጦ ፀሐይ ይሞቃል። ሰማንያ ሳይሞላው አይቀርም።

«ማነው ያመጣሽው?» አለ በጋሞኛ።

በጋሞኛ መለሰችለት። ዓይኑን አጥብቦ አየኝ።

«ጸሐፊው! አንተ! ጸጉርህን ምን አረግኸው?»

«አለቀ፣ ጋሼ።»

«የእኔ ይኸው አለ» አለና ኮፍያውን አንሥቶ አሳየኝ። ተሳሳምን። ቆጮ በዳጣ ቀረበ፤ ዳጣው ዓይኔን አስለቀሰኝ፣ ጥሩ ሽፋን ሆነልኝ። ያዘጋጀሁት መግቢያ ጠፋብኝ።

«ጋሼ፣ ያኔ ዝርዝሩን ያነበብኩት እኔ ነኝ» አልኩ።

«አንተ ነህ። ጥሩ አነበብክ። ድምፅህ ያምር ነበር።»

«አውቅ ነበር እኮ። ለእኛ ብለው እንደሚሠሩ አውቅ ነበር። ዝም አልኩ።»

«ሁሉ ዝም አለ» አለች እትዬ አመረች። «እኔ ልነሣ ስል ቀሚሴን ይዞ አስቀመጠኝ። ገና ስሙን ሳትጨርስ ተነሥቶ ሄደ። መንገድ ላይ ያገኘውን እግር ሁሉ እየረገጠ።»

«ውሸት አላነበበም» አለ ጋሽ አንጁሎ። «እሁድ ሠርቷል አለ። እሁድ ሠርቻለሁ!» ሳቀ፤ ሳቁ ሳል ሆነ። ሳሉ እስኪያልፍ ጠበቅሁ። የመጣሁበት ጥያቄ ይህ ነበር፣ አሁን ካልጠየቅሁ አልጠይቅም።

«አፍረው ነው አገርዎ የገቡት? ደስታዎን... ያን ቀን ወስደንብዎት ነው?»

የጠየቅሁት ነገር አልገባውም መሰለኝ። ሚስቱን አየ።

«አባቱ ሞቶ ነው የመጣነው» አለችኝ። «እንሰቱን ማን ይያዝ?»

«ቆይ፣ ልንገረው» አላት። ከዱካው ወደ እኔ ተጠጋ። «ሰባት ዓመት እናንተ ጓዳ፣ እኔ በረንዳ። እናንተ ስትዘምሩ እኔ ድር አያለሁ። አፌን ብከፍት እጄ ይስታል፣ እጄ ቢስት ደጅ ያለው ሰው ይሰማል። መዝሙሩን ሁሉ በሆዴ ያዝኩ። ሆዴ ሞላ። ለጌታ፣ አንድ ቀን አፌን አስከፍተኝ አልኩት። ከዚያ ቤተ ክርስቲያን ተከፈተ። የመጀመሪያ እሁድ ነው፣ ከኋላ ተቀመጥኩ፤ ሸማኔ ነኝ፣ ማን ፊት ያስቀምጠኛል? አንተ ስሜን ጠራህ። ፊት አቆማችሁኝ። መስቀሉ እዚህ ነው፣ እኔ እዚህ ነኝ።» በእጁ ለካው፤ አንድ ክንድ አይሞላም። «ተጸለየ። መዝሙር ተነሣ። እኔ ዘመርኩ። በሕይወቴ መጀመሪያ ነው አፌን ከፍቼ የዘመርኩት። አጠገቤ አብሮኝ የተጠራው ሰካራሙ አናጢ ቆሟል፣ ‹ኧረ ቀስ በል፣ ጆሮዬ› አለኝ። ቀስ አላልኩም። ጌታ ሰባት ዓመት የጠበቀውን ለእሱ ጆሮ ብዬ ልተው?»

ያ መዝሙር ሲጀመር ነው በጓሮ በር የወጣሁት። ሠላሳ አምስት ዓመት የተሸከምኩት ታሪክ የሚያበቃው እዚያ በር ላይ ነበር፤ ከበሩ ወዲያ የሆነውን ዞር ብዬ አላየሁም።

«ምንም አልተከፉም ማለት ነው?» አልኩ። እልኸኛ ስለሆንኩ ጥሩ ነገር እንኳ ሲነግሩኝ ማስረጃ እጠይቃለሁ።

«ተናደድኩ እንጂ! ሰኞ ተናደድኩ። ስሜን ዝርዝር ያስገባውን ሽማግሌ ልሰድበው ዱላዬን አንሥቼ ወጣሁ። አመረች በር ላይ ቆመ፤ ‹እሁድ ዘምረህ ሰኞ ልትሳደብ ነው?› አለኝ።» በእሱ አማርኛ ሴት የሚባል የለም፤ ሚስቱም ላሙም ወንድ ናቸው፣ እሷም ተቃውማ አታውቅም። «ማክሰኞም ተናደድኩ። ረቡዕም። ሐሙስ ደከመኝ።»

«የእሁዱ ደስታስ?»

«የእሁዱ ይኸው አለ» አለ፣ ስለ አንድ ዕቃ እንደሚናገር ሰው ቀለል አድርጎ። «አባቴ ሲሞት ነበረ። ሁለተኛው ልጄ ሲሞት ለሊት ተነሥቼ አለቀስኩ፣ እሱም ነበረ። አሁን ጉልበቴ እምቢ አለ፣ እሱ አለ። የት ይሄዳል? ጌታ ሰጥቶ አይቀማም።»

«ማታ ማታ ይዘምርበታል» አለች እትዬ አመረች። «ተኝተን። እኔን እንቅልፍ ነሣኝ እንጂ ደስታስ ሞልቶታል።»

እፎይታ ሲመጣ እንዴት እንደሚያደርግ መጻሕፍቱ አልነገሩኝም ነበር። እንደ ሞኝ ሳቅሁ። ሁለት መጽሐፍ የጻፍኩበት አቋም በአንድ አርብ ፈረሰ፤ ሌላ ጊዜ ቢሆን ለመልሱ ሦስተኛ መጽሐፍ እጀምር ነበር፣ ያን ቀን ግን ሽንፈቱ እንደ ቀዝቃዛ ውኃ ወረደልኝ። ጋሽ አንጁሎ ትከሻዬን ያዝ አደረገ።

«ይቅር በለኝ ልትል ከሆነ የመጣኸው፣ በል። ይዘኸው አትውረድ፣ መንገዱ ቁልቁለት ነው።»

«ይቅር ይበሉኝ፣ ጋሼ።»

«እግዚአብሔር ይቅር ይበለን» አለ፣ ቆጮውንም ወደ እኔ ገፋ አደረገ። «ብላ። ዳጣ አትፍራ።»

ግማሽ ገጹን ያን ዕለት ማታ ሲቀላ አልጋ ቤት ሆኜ ጻፍኩት። ለኮሚቴው ጸሐፊ ቅዳሜ ጠዋት ሰጠሁት። አነበበና ጉሮሮውን ጠረገ። «ወንድም፣ ይኼ... የበዓል መጽሔት እኮ ነው። ትንሽ ይከብዳል።» መጽሔቱ ወደ ማተሚያ ቤት ገብቷል አለኝ፤ ውሸቱን ይሁን እውነቱን አላውቅም። ከፈለግሁ ግን እሁድ፣ ለቀድሞ አባላት በተያዘው ሰዓት ሁለት ደቂቃ እንደሚሰጠኝ ነገረኝ። ሁለት ደቂቃ በቃኝ።

አዲሱ አዳራሽ ትልቅ ነው፣ የሴራሚክ ወለል ያለው፣ የድምፅ መሣሪያው ደረትን የሚመታ። ፕሮግራም መሪው ጥብቅ ያለ ሱፍ የለበሰ ወጣት ነው። እንደ ልማዴ ብዙ የምተችበት ነገር ነበረኝ፤ ሳልጀምር ስሜ ተጠራ። ወጥቼ ዓይኔን ከወረቀት አንሥቼ ተናገርኩ። በዝግ ዘመን አቶ አንጁሎ እሁድ ሸማ የሚሠራው እኛ እንድንጸልይ ነበር አልኩ። አሥራ አንድ ነበርን። የንስሐ ዝርዝር ሲነበብ ስምንታችን አዳራሽ ውስጥ ነበርን፣ ያነበብኩትም እኔ ነኝ፣ እያወቅሁ። ስሙ እዚያ ዝርዝር ውስጥ መግባት አልነበረበትም። ይኸው ነው አልኩና ቆምኩ።

ከግራ በኩል አንዲት ከዘራ የያዘች ሴት ተነሣች። ያቺ መንፈሳዊነት የሚበዛባት ናት። «እኔም ነበርኩ» አለች። ከኋላ አንድ ጡረታ የወጣ መምህር ተነሥቶ ቆመ። ከመዘምራኑ ጎን ሦስተኛዋ። ከስምንቱ ከእኔ ጋር የቀረነው እነዚህ ነን። ፕሮግራም መሪው ወረቀቱን አየ፣ እኛን አየ፣ እንደገና ወረቀቱን አየ፤ እንዲህ ያለ ነገር አልተጻፈበትም። እትዬ አመረች ከሦስተኛው ረድፍ፣ ከወንበሯ ሳትነሣ ድምፅዋን ከፍ አደረገች።

«እሺ፣ ሰምተናል! ተቀመጡ በሉ፣ እግራችሁን ያማችኋል። መዝሙር አንሡ እናንተ!»

አዳራሹ በሳቅ ፈነዳ፣ ሴትዮዋ ከነከዘራዋ እያለቀሰች ሳቀች። ከመዘምራኑ አንዷ መዝሙር አነሣች፣ የድሮ መዝሙር፣ የጓዳችን። ወደ መቀመጫዬ ለመሄድ ደረጃውን እየወረድኩ ሳለ መዘመር መጀመሬን ያወቅሁት ከፊት ረድፍ የተቀመጡ ሰዎች ዞር ብለው ሲያዩኝ ነው። ሠላሳ አምስት ዓመት በአፌ አላለፈም ነበር፤ ከቃሉ ግን አንዱም አልጠፋኝም።